ካለፈው የዞረ፦ የወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ሕይወት ለሥራ ፈላጊዋ እህቴ



ባለፈው ስብሰባችን ላይ አንዲት የሰበታ እህታችን ያነሳችው ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። በአምስት ዓመት ውስጥ አራት ሥራ ቀይራለች። አበባ እርሻ ገባች፣ ወጣች። ፋብሪካ ተቀጠረች፣ ተወችው። እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች አስረከበች፤ የጤፍ ዋጋ ሲወደድ አቆመች። አሁን የሰው ሱቅ ትጠብቃለች። ቤተሰቦቿ አንድ ቦታ የማትረጋ ብለው ስም አውጥተውላታል። እሷም ልቧ የሚያርፍበት ሥራ ሳታገኝ ዕድሜዋ እንዳያልቅ ፈርታለች። ይህን ስትናገር ብዙዎቻችሁ አንገታችሁን ደፍታችሁ አየሁ። እኔም ደፍቼ ነበር።

በዚያ ቀን የሚረባ መልስ አልሰጠኋትም። ቤቴ ገብቼ ሳስብ ግን የአንዲት ትልቅ ሴት ሕይወት ትዝ አለኝ። ስለዚህ የዚህን እትም ጽሑፌን ስለ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ላድርገው አልኩ።

ወይዘሮ ስንዱን ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በአንድ ነገር ነው፤ በምርጫ አሸንፈው ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት በመሆናቸው። ትምህርት ቤት ሳለን ለፈተና ያጠናነው ይህንኑ ነው። እዚያ ወንበር እስኪደርሱ ስንት ሥራ እንደቀያየሩ፣ ስንት ጊዜስ እንደገና እንደጀመሩ የነገረን የለም።

የተወለዱት በ1908 ዓ.ም. በእኛው አቅራቢያ፣ በመናገሻ በኩል ነው። ከቡራዩ ተነስታችሁ ገፈርሳን አልፋችሁ ወደ ሆለታና አዲስ ዓለም ስትሄዱ የምታገኙት አገር ነው። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ውጭ አገር የተማሩ፣ የጎንደር ከንቲባ የነበሩ፣ መንግሥትንም በመልእክተኛነት ያገለገሉ ሰው ናቸው። በዚያ ዘመን ብዙ አባት የማያደርገውን አደረጉ፤ ሴቶች ልጆቻቸውን አስተማሩ። ስንዱ አዲስ አበባ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ፣ ገና ልጅ ሳሉ ከእህታቸው ጋር ወደ አውሮፓ ተላኩ። በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ተምረው፣ ሥነ ጽሑፍ አጥንተው ተመለሱ።

እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር። ይህን ዕድል ከመካከላችን ያገኘ የለም። እኔ ዲፕሎማዬን የያዝኩት ቀን እየሠራሁ ማታ እየተማርኩ ነው። ከእናንተ ውስጥ ስምንተኛ ክፍል ሳትደርስ ያቋረጠች አለች። ስለዚህ እንደሳቸው እንሁን ልል አይደለም የተነሳሁት። እኔን የገረመኝ ሌላ ነገር ነው፤ ያን ያህል ተምረው እንኳ የተማሩበት ሥራ ቁጭ ብሎ አልጠበቃቸውም።

እንዴት ይጠብቃቸዋል? ሥነ ጽሑፍ የተማረች ሴት ምን ሆና ትቀጠር? ጽሕፈት ቤቱም፣ ችሎቱም፣ መድረኩም የወንድ ነበር። በቴአትር እንኳ የሴት ቦታ የሚጫወቱት የሴት ልብስ የለበሱ ወንዶች ነበሩ። ለሴቶች ልጆች የተከፈተው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትም ገና ጀማሪ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ደግሞ ጦርነቱ መጣ፤ በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ።

ስንዱ ያን ጊዜ የሃያ ዓመት ወጣት ነበሩ። መጽሐፋቸውን ዘግተው ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሄዱ፤ ጥቁር አንበሳ ከተባሉት አርበኞች ጋርም ተቀላቀሉ። በፈረንሳይኛ ግጥም ሲያነቡ የነበሩ እጆች ቁስል ማጠብና ማሰር ጀመሩ። ይህን ሥራ አልተማሩትም፣ አልመረጡትምም፤ የጊዜው ፈረደባቸው። በመጨረሻ ተያዙ፤ ከብዙ ኢትዮጵያውያን እስረኞች ጋር ወደ ጣሊያን ተግዘው በአዚናራ ደሴት ታሰሩ። አንዲት የተማረች ወጣት ብዙ ልትሠራ የምትችልባቸው ዓመታት እንዲህ አለፉ።

እኛ ከሥራ ወጥተን ሦስት ወር ቤት ስንቀመጥ ሕይወታችን ያበቃ ይመስለናል። እኔ እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

አገር በ1933 ዓ.ም. ነፃ ሲወጣ ስንዱ ገና 25 ዓመታቸው ነበር። እንደገና ጀመሩ፤ አሁን ወደ ማስተማር ገቡ። ከዚያም የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን በመምራት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ዳይሬክተር ሆኑ። በዚህ ቦታ ላይ ነው አንድ ነገር የምታስተውሉት። የትምህርት ቤት ኃላፊ ማለት መዝገብ መያዝ፣ አስተማሪ መቅጠር፣ ስለ ምግብና ስለ መኝታ መጨነቅ ነው። እሳቸው ግን ያንን እየሠሩ፣ ድሮ የተማሩትንም ይዘውት መጡ። ተውኔት እየጻፉ ተማሪዎቻቸው እንዲጫወቱት ያደርጉ ነበር። የሴት ቦታ በወንድ በሚሠራበት አገር፣ በእሳቸው ግቢ ልጃገረዶች መድረክ ላይ ቆመው በራሳቸው ድምፅ ተናገሩ። ግጥምና ተውኔታቸውን የያዘው የልቤ መጽሐፍ የተባለው ሥራቸውም በ1942 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያንን የተከበረ ቦታ ትተው እንደገና ሥራ ቀየሩ። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሕዝቡ እንደራሴዎቹን እንዲመርጥ ፈቀደ፤ ሴቶችም የመምረጥና የመመረጥ መብት አገኙ። ምርጫው በ1950 ዓ.ም. ሲካሄድ ወይዘሮ ስንዱ አዲስ አበባ ላይ ተወዳድረው አሸነፉ። 210 መቀመጫ ባለው ምክር ቤት ገቡ። ዕድሜያቸው 42 ዓመት ገደማ ነበር። እስቲ አስቡት፤ ከመካከላችን በ42 ዓመቷ አዲስ ሙያ ልጀምር ብትል ስንቶቻችን እንስቃለን? በኋላም የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት እስከመሆን ደረሱ።

ያም ቢሆን ወንበሩ ሁሉን አላሟላላቸውም። በዚያው ዘመን፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰቡ አስተዳዳሪ ባል ነው ይል ነበር። ይህ ሐሳብ ከፌዴራሉ ሕግ የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ሲታወጅ ነው፤ አርባ ዓመት ፈጀ። ይህን የምለው የሚያረካ ሥራ ማለት ሁሉ ነገር የሚሳካበት ሥራ እንዳይመስለን ነው። ወይዘሮ ስንዱ ከፓርላማ በኋላም ሥራ ቀይረዋል፤ ጀርመን ቦን በነበረው የኢትዮጵያ ኤምባሲ አገልግለዋል። ያረፉት በ2001 ዓ.ም. በ93 ዓመታቸው ነው።

እንግዲህ ቁጠሩት። አስታማሚ፣ እስረኛ፣ አስተማሪ፣ የትምህርት ቤት ኃላፊ፣ ደራሲ፣ የሕዝብ እንደራሴ፣ የኤምባሲ ባልደረባ። አንድ ቦታ የማትረጋ ሊባሉ ይችሉ ነበር።

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ነገሩን በምሠራበት መንገድ ላስረዳችሁ። የሒሳብ መዝገብ ገጹ ሲሞላ ድምሩ ታች ይጻፋል። ቀጣዩ ገጽ ሲከፈት ደግሞ ያው ድምር ካለፈው የዞረ ተብሎ አናቱ ላይ ይሰፍራል። ገጽ ስለተገለበጠ ብቻ ማንም ሒሳብ ከዜሮ አይጀምርም። ወይዘሮ ስንዱም ገጽ በገለበጡ ቁጥር የዞረላቸው ነገር ነበር። አውሮፓ የተማሩት ቃል የልጃገረዶች ተውኔት ሆነ፤ ልጃገረዶችን እንዲናገሩ ያለማመደው አንደበት ፓርላማ ውስጥ ቆመ። የሥራው ስም ተቀየረ እንጂ፣ ሴት ልጅ በራሷ ድምፅ እንድትናገር የማድረጉ ነገር አብሯቸው ዞረ።

አሁን የራሴን ልናገር። የመጀመሪያ ሥራዬ ሱሉልታ ውስጥ ካሸርነት ነበር። ቀጥሎ የዕቃ ግምጃ ቤት መዝገብ ያዝኩ። ከዚያ አንድ ፋብሪካ የደመወዝ ክፍል ገባሁ፤ ደመወዙ ከቀድሞዎቹ ሁሉ ይሻል ነበር። አንድ ወር ላይ አለቃዬ የሴት ሠራተኞችን የትርፍ ሰዓት ቀንሼ ፔሮሉን እንድሠራ አዘዘኝ። ሠራሁት። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ግን ሠርቼዋለሁ። ሴቶቹ ወረቀቱን ይዘው መስኮቴ ላይ ሲቆሙ ዓይናቸውን ማየት አልቻልኩም። በሚቀጥለው ወር ያው ትእዛዝ ሲመጣ መልቀቂያ ጻፍኩ። ሌላ ሥራ አልያዝኩም ነበር። ለአምስት ወር የቤት ኪራይ የከፈለችው እህቴ ናት።

በነዚያ ወራት ከባድ የሆነብኝ የገንዘቡ ነገር ብቻ አይደለም። ዲፕሎማዬም፣ የሠራሁባቸው ዓመታትም የባከኑ መሰለኝ። በኋላ ቁጭ ብዬ ራሴን ስመረምር አንድ ነገር አገኘሁ። በዚያ የደመወዝ መስኮት ላይ ደስ የሚለኝ አንድ ሥራ ነበር፤ ለሠራተኞቹ ወረቀታቸውን ማስረዳት። ይህ የሥራ ግብር ነው፣ ይህ የጡረታ መዋጮሽ ነው፣ ከደመወዝሽ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪሽ ደግሞ 11 በመቶ ይጨምርልሻል ስላቸው፣ ገብቷቸው ፈገግ ሲሉ፣ የምሽቱ ታክሲ ሰልፍ እንኳ አይታወቀኝም ነበር። ካሸር ሳለሁም፣ ግምጃ ቤት ሳለሁም የምወደው ለሰው ማስረዳቱን ነበር። የዞረልኝ ድምር ይህ ነው።

ዛሬ ቡራዩ ላይ የሦስት ትንንሽ ሱቆችን ሒሳብ በትርፍ ጊዜ እይዛለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ለማህበራችን አባላት የገቢና ወጪ አያያዝ አሳያለሁ። የሙያ አስተማሪ ለመሆን ማታ ትምህርት ጀምሬያለሁ። ገቢዬ ከፋብሪካው ደመወዝ ግማሽ አይሞላም። ትምህርቱን ስጨርስ ቦታ ላገኝም ላላገኝም እችላለሁ። ግን አሁን መስኮት ዘግቼ የምደበቀው ሰው የለም።

ውድ የሰበታ እህቴ፣ የዘገየ መልሴ ይኸው። አራት ሥራ መቀየርሽ አያሳፍርሽ። ግን አንዱን ትተሽ ሌላውን ከመያዝሽ በፊት ወረቀት አውጪ። በእያንዳንዱ ሥራ ላይ ምን እንደተማርሽ፣ ምኑን እንደወደድሽው፣ ምኑን ዳግመኛ እንደማትፈልጊው ጻፊ። አበባ እርሻው ላይ ቡድን የመራሽው አንቺ ነሽ። እንጀራ ስታስረክቢ ከደንበኛ ጋር ዋጋ የተደራደርሽው አንቺ ነሽ። አራቱም ገጽ ላይ የሚመላለስ አንድ ነገር ካገኘሽ፣ ቀጣዩን ሥራ በደመወዙና በስሙ ብቻ ሳይሆን በዚያ መዝኚው። የልጆችሽን እራት የሚያሳጣ እርምጃ ግን ብቻሽን አትውሰጂ፤ ማህበሩ የተቋቋመው ለዚህ ነው። እኔን እህቴ ደግፋኛለች፤ አንቺን እኛ እንደግፍሻለን።

ደጋፊዎቻችንም አንድ ነገር ልብ በሉልን። አንዲት አባል ሥልጠና ወስዳ በዓመቱ ሌላ ሥራ ላይ ብታገኟት ገንዘባችሁ የባከነ አይምሰላችሁ። ዞሯል።

የቅዳሜው የመዝገብ አያያዝ ትምህርት እንደተለመደው ይቀጥላል። ደብተርና እስክሪብቶ ይዛችሁ ኑ። ቸር ያሰማን።