ዮርዳኖስን የሳለው የጫማ ሰፊ ልጅ

ከኪርያት ጋት በ35 ቁጥር መንገድ ወደ ምሥራቅ ከነዱ ብዙም ሳይቆይ ቤት ጉቭሪን ይደርሳሉ። ልጆቻችንን ይዘን ዋሻ ልናሳይ የምንሄድበት ቦታ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1839 አንድ ስኮትላንዳዊ ሰዓሊ በዚያው አልፎ መንደሩን ስሎታል። ዴቪድ ሮበርትስ ይባላል። ዛሬ በየቢሮውና በየሆቴሉ ተሰቅለው ከምናያቸው የድሮዋ እየሩሳሌም ሥዕሎች ብዙዎቹ የእሱ ናቸው።

ሮበርትስ በ1796 በኤዲንብራ፣ ስቶክብሪጅ በሚባል ሰፈር ተወለደ። አባቱ ጫማ ሰፊ ነበር። ልጁ ሥዕል ቢወድም የተሰጠው ለቤት ቀለም ቀቢ ነው፤ ሰባት ዓመት እዚያ ሙያ ሲማር ቆየ። ከዚያ ለቲያትር ቤቶች የመድረክ ሥዕል እየሠራ ከከተማ ከተማ ዞረ፣ በ1822 ለንደን ገባ። እንጀራው ሲሰፋ ቤቱ ግን አልሰመረም። ሚስቱን መጠጥ አሸነፋትና ተለያዩ፤ አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻቸው።

በነሐሴ 1838 ወደ ግብፅ ተነሣ። በጀልባ በአባይ ላይ እስከ አቡ ሲምቤል ወጣ። የሳለው ውሃ አብዛኛው ከኛው ደጋ የወረደ ነው እንግዲህ፣ እሱ ግን አገራችንን አልረገጠም። ካይሮ ውስጥ መስጊድ ገብቶ እንዲስል የተፈቀደለት በአሳማ ጸጉር ብሩሽ እንዳይጠቀም ቃል አስገብተውት ነው። ይሄን ስሰማ ሳቄ መጣ።

በፋሲካ ሰሞን እየሩሳሌም ደረሰ። የክርስቲያን ተሳላሚዎች በሺህ የሚቆጠሩ ሆነው፣ የከተማው ገዥ ከነወታደሮቹ እየጠበቃቸው ወደ ዮርዳኖስ ሲወርዱ እሱም አብሮ ሄደ። ኢያሪኮ አጠገብ ሰፈሩ፣ ገና ሳይነጋ በችቦ ብርሃን ወደ ወንዙ ገሰገሱ። በሥዕሉ ላይ ሕዝቡ ዳርቻውን ሞልቶ ወደ ውሃው ይጋፋል። ዛፉ ለምለም፣ ተራራው ሩቅና ለስላሳ ነው።

ያምራል፣ ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ሮበርትስ የመድረክ ሰዓሊነቱን አልተወም። ድንጋዩና ሰማዩ ይገዝፋሉ፣ የአገሩ ሰው ግን ለማስጌጫ የቆመ ይመስላል፤ ስምም ፊትም የለው። የኛንም ወላጆች የውጭ ተጓዦች እንዲህ እየሳሉ አልፈዋል። ቢሆንም ያኔ ፎቶግራፍ ገና መፈልሰፉ ነበርና፣ የዚያን ዘመን ዮርዳኖስ ለማየት ወደሱ መመለስ ግድ ይላል። የዛሬው ወንዝ ውሃው ላይኛው በኩል እየተጠለፈ በብዙ ቦታ ቀጭን ጅረት ሆኗል።

ለንደን ሲመለስ ሥራዎቹን ሉዊ ሃግ የተባለ ባለሙያ በድንጋይ ማተሚያ አዘጋጃቸው፤ ከ1842 እስከ 1849 ወጡ። ቀድመው ከተመዘገቡት ገዢዎች አንዷ ንግሥት ቪክቶሪያ ነበሩ። የጫማ ሰፊው ልጅ ከበረ።

በመጨረሻ ዕድሜው ወደ ሌላ ወንዝ ዞረ። ለንደንን ከቴምዝ ላይ ሆኖ ተከታታይ አድርጎ መሳል ጀመረ። ስድስቱን ጨርሶ የቅዱስ ጳውሎስን ካቴድራል እየሳለ ሳለ፣ በኅዳር 1864 በድንገት ስትሮክ መትቶት ሞተ።