ስሕተትን ያሳደደው ሊቅ ቻርልስ ባቤጅ

የሊቃውንት ታሪክ የሚነበበው ለፈተና ብቻ እንዳልሆነ ዘንድሮ በራሴ ደርሶ ስላየሁት፥ የእንግሊዛዊውን የቻርልስ ባቤጅን ሕይወት ባጭሩ ልጽፍላችሁ ወደድሁ። የማነሣቸው ዓመታት ኹሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኮምፒዩተር ክበባችን አባሎች ገንዘብ አዋጥተን ለአንዱ ኮምፒዩተር ሁለተኛ ግራፊክስ ካርድ ገዛን። ይህ ካርድ በስክሪን ላይ የሚታየውን ሥዕል የሚያሰላ ክፍል ነው፤ ሁለት ሲሆኑም ሥራውን ሊካፈሉ ይችላሉ። ካርዱን ያስገባሁት እኔ ነበርሁ። ኮምፒዩተሩ ቀላል ሥራ ሲሰጠው ደኅና ይሠራል፤ ከባድ ሥዕል ሲታዘዝ ግን ድርግም ብሎ ይጠፋል። እኔም አዲሱ ካርድ ብልሹ ነው ብዬ ከነጋዴው ጋር ለመጣላት ተነሣሁ። የክበባችን መምህር ግን ሳላረጋግጥ ሰው እንዳልወቅስ መክረው፥ አስቀድሜ የባቤጅን ታሪክ እንዳነብ አዘዙኝ።

ባቤጅ ዲሴምበር 26 ቀን 1791 በሎንዶን ተወለደ። አባቱ ሀብታም የባንክ ሰው ስለ ነበር በልጅነቱ ችግር አላየም። በ1810 ወደ ካምብሪጅ ገብቶ ሒሳብ ተማረ፤ ነገር ግን ትምህርቱ ያረጀ ሆኖ ስላገኘው፥ በ1812 ከጓደኞቹ ከጆን ሄርሸልና ከጆርጅ ፒኮክ ጋር አዲሱን ሒሳብ የሚያስፋፋ ማኅበር አቋቋመ።

ያን ጊዜ ኮምፒዩተር የሚባለው መኪና ሳይሆን በእጁ ቁጥር የሚያሰላ ሰው ነበር። መርከበኞችም መንገዳቸውን የሚያገኙት እነዚህ ሰዎች ባሰሉት ሰንጠረዥ ነው፤ ስለዚህ አንዲት የቁጥር ስሕተት መርከብን ከነሰው ልታጠፋ ትችል ነበር። በ1821 ባቤጅና ሄርሸል፥ ሁለት ወገን ለየብቻ ያሰሉትን የከዋክብት ሰንጠረዥ እያስተያዩ መረመሩ። ቁጥሮቹ ሳይስማሙ ሲቀሩ ቢያንስ አንዱ ተሳስቷል ማለት ነው። ስሕተቱም እጅግ ስለ በዛ፥ ባቤጅ ተማርሮ ይህን ሥራ ያለ ድካም የሚሠራ መኪና ለማበጀት ቈረጠ።

ደግሞም የሎጋሪዝም ሰንጠረዦችን ሲመረምር፥ በልዩ ልዩ ሰዎች ስም የታተሙ መጻሕፍት በአንድ ስፍራ አንድ ዓይነት ስሕተት ይዘው አገኘ። ስሕተቱ በ1628 ሆላንዳዊው ቭላክ ካሳተመው መጽሐፍ እየተቀዳ የመጣ ነበር። ከአንድ ጕድጓድ የቀዱ ሰዎች ኹሉ ውሃው ቢደፈርስባቸው ጥፋቱ የእንስራቸው አይደለም።

በ1822 ትንሽ ናሙና ሠርቶ አሳየ፤ በ1823ም መንግሥት ገንዘብ ሰጠው። በ1827 ግን አባቱ፥ ሚስቱና ሁለት ልጆቹ በአንድ ዓመት ሞቱበት። ኀዘኑን ችሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። በ1832 የመኪናው ጥቂት ክፍል ተገጥሞ በትክክል አሰላ፤ ነገር ግን በ1833 ከባለ እጁ ከጆሴፍ ክሌመንት ጋር ስለ ተጣሉ ሥራው ቆመ። በ1834 ልዩ ልዩ ትእዛዝ የሚቀበል ሌላ ታላቅ መኪና ዐሰበ፤ የዚህንም አሠራር ኤዳ ላቭሌስ የተባለች እመቤት በ1843 በሰፊው ጽፋ አስረዳች። መንግሥት ግን ከ17,000 ፓውንድ በላይ ካወጣ በኋላ በ1842 ርዳታውን አቋርጦ ነበር። ባቤጅም አንዱን መኪና እንኳ ተፈጽሞ ሳያይ ኦክቶበር 18 ቀን 1871 ዐረፈ።

ይሁን እንጂ በ1991 በሎንዶን የሳይንስ ሙዚየም፥ እርሱ ከ1847 እስከ 1849 በነደፈው ንድፍ 4,000 ያህል ክፍሎች ያሉት መኪና ተሠራ፤ ሒሳቡንም ሳይሳሳት አሰላ።

ይህን አንብቤ ወደ ክበባችን ተመለስሁ። አሮጌውን ካርድ ብቻ ትቼ ያንኑ ከባድ ሥዕል አዘዝሁ፤ ሠራ። አውጥቼ በዚያው ስፍራ አዲሱን ብቻ አስገባሁ፤ እርሱም ሠራ። በሁለተኛው ስፍራም እያፈራረቅሁ ሞከርኋቸው፤ ሁለቱም ሠሩ። እንግዲህ ጥፋቱ ሁለቱ በጋራ ከሚቀዱበት መሆን አለበት ብዬ፥ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያድለውን ፓወር ሰፕላይ ተመለከትሁ። በላዩ የተጻፈው 500 ዋት ነው። ካርዶቹ ግን በከባድ ሥራ ጊዜ እያንዳንዳቸው 200 ዋት ያህል፥ የቀረው የኮምፒዩተሩ አካል ደግሞ 150 ያህል ይፈልጋሉ፤ ድምሩ 550 ነው። ካርዱን ከመግዛታችን በፊት ይህን መደመር የእኔ ፈንታ ነበር። መምህራችን ባለ 750 ዋት አስመጥተው ስንቀይረው ኮምፒዩተሩ መጥፋቱን ተወ።

ያን ቀን ወደ ገበያ ሄጄ ቢሆን ኖሮ ንጹሑን ነጋዴ በሰው ፊት አዋርደው ነበር። ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፥ አንድ ነገር ሲበላሽባችሁ አስቀድማችሁ ለየብቻ መርምሩ፤ ከዚያም የጋራ ምንጫቸውን እዩ። ሰውን መውቀስ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።