የሁለቱ ዩክሊዶች ጉዳይ

የጋዜጠኝነት ተማሪ ጂኦሜትሪ ውስጥ ምን አገባው ትሉ ይሆናል። እኔን የሳበኝ የሰውየው የሕይወት ታሪክ ነው። ምንጭ ማጣራት የሚባለውን ነገር ከዩክሊድ በላይ ያሳየኝ ሰው የለም።

መጀመሪያ ግን ቲዎረሙን እናስታውስ። ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ያለውን የዘንገናን ሐይቅ ያየ ሰው በቀላሉ ይገባዋል። ሐይቁ ክብ ለመሆን ትንሽ ነው የቀረው፤ ለጊዜው ልክ ክብ ነው እንበል። ከዳር እስከ ዳር ሁለት ገመድ ብንወጥርና ውሃው ላይ ቢቋረጡ እያንዳንዱ ገመድ ለሁለት ይከፈላል። የአንዱ ቁራጮች 3 እና 8 ከሆኑ ብዜታቸው 24 ነው። የሌላኛው አንዱ ቁራጭ 4 ከሆነ ቀሪው የግድ 6 ይሆናል። ገመዶቹ የትም ይቋረጡ፣ ሁለቱ ብዜቶች እኩል ናቸው።

ዩክሊድ ይሄን ያስተማረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ገደማ በእስክንድርያ ነው፤ ከዚሁ ከግሽ ዓባይ የተነሳው ውሃ ባሕር በሚገባበት አካባቢ ማለት ነው። ከሱ በፊት የተገኘውን ዕውቀት ሰብስቦ፣ የራሱን ጨምሮ፣ ኤለመንትስ በተባሉ 13 መጻሕፍት አደራጀው። የኛ ቲዎረም በ3ኛው መጽሐፍ 35ኛው ነው። ዛሬ ክፍል ውስጥ የምናረጋግጠው በተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖች ነው። እሱ ግን ያንን ትምህርት የሚያመጣው 6ኛው መጽሐፍ ላይ ስለሆነ በፓይታጎረስ ቲዎረም ዞሮ አረጋገጠው። ገና ያላስተማረውን አይጠቀምም! ጠባዩን ያየሁት እዚህ ላይ ነው።

ስለ ኑሮው የሚነግረን ዋናው ሰው ፕሮክለስ ነው፤ እሱም የሞተው በ485 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.)፣ ከ700 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ንጉሥ በጥሊሞስ አቋራጭ መንገድ ቢጠይቀው ለነገሥታት የተለየ መንገድ እንደሌለ ነገረው የሚባለው ወሬ የመጣው ከፕሮክለስ ነው። ያው ወሬ ግን ስለ ታላቁ እስክንድርና ስለ መምህሩ ሚናይክመስም ይነገራል። እኔ አዘጋጅ ብሆን አላሳልፈውም።

የባሰው የመጣው በኋላ ነው። የሶቅራጥስ ተማሪ የነበረ፣ መቶ ዓመት ያህል የሚቀድም የሜጋራው ዩክሊድ የሚባል ፈላስፋ ነበር። በመካከለኛው ዘመን ሁለቱ ሰዎች አንድ ሆነው ቁጭ አሉ። በ1505 (እ.ኤ.አ.) ዛምቤርቲ ቬኒስ ላይ ያሳተመው የላቲን ትርጉም እንኳ ደራሲውን የሜጋራው ይለዋል። በ1572 ኮማንዲኖ የተባለው የሒሳብ ሰው በትርጉሙ መግቢያ ላይ ሁለቱን ለያቸው። እስከዚያ ድረስ ብዙ ሰው የእስክንድርያውን ዩክሊድ ብሎ ሲያነብ የነበረው የሌላ ሰው ሕይወት ነው።