የገበሬው ልጅ ኤሚል ቦዶና አምስቱ ቁልፎች

ፎቶግራፍ በኮምፒዩተር ወደ ዘመዶቻችን ስንልክ፣ ሥዕሉ በመንገድ ላይ ምን መልክ እንደሚይዝ የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። ስለዚህ የትምህርት ቤታችን በዓል በሚከበርበት በዚህ መጽሔት፣ ለዚህ ሥራ መሠረት ከጣሉት ሰዎች የአንዱን ታሪክ ልናቀርብ ወደድን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኤሚል ቦዶ በ1845 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በአንዲት የገጠር መንደር ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለደ። የተማረው በመንደሩ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በእርሻ ሥራ ቆየ። በ1869 በቴሌግራፍ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ በሞርስ ምልክት መልእክት መላክን ተማረ።

በሞርስ ምልክት አንዱ ፊደል አጭር፣ ሌላው ረጅም ነው። ስለዚህ የመጣውን መልእክት በመኪና ለማተም አስቸጋሪ ነበር። ደግሞም ሠራተኛው እጁን ባሳረፈ ቁጥር ሽቦው ሥራ ፈትቶ ይቆያል። ቦዶ ይህን በልቡ ሲያወጣና ሲያወርድ ከቆየ በኋላ በ1874 አዲስ መኪና አስመዘገበ። መኪናው አምስት ቁልፎች ብቻ ነበሩት፤ ሁለቱ ለግራ እጅ፣ ሦስቱ ለቀኝ እጅ። እያንዳንዱ ቁልፍ ወይ ይጫናል ወይ አይጫንም። ሁለትን አምስት ጊዜ በራሱ ብናባዛው 32 ይሆናልና፣ በነዚህ 32 ምልክቶች የላቲን ፊደላት ሁሉ በእኩል ርዝመት ተጻፉ። በሚሽከረከር ማከፋፈያም ብዙ ሠራተኞች በአንድ ሽቦ በየተራ እንዲልኩ አደረገ።

በ1878 በፓሪስ ኤግዚቢሽን የወርቅ ሜዳይ ተሸለመ። ነገር ግን ከመሥሪያ ቤቱ ያገኘው ርዳታ ጥቂት ስለ ነበረ፣ የምርምሩን ወጪ ለመሸፈን በ1880 ያንኑ ሜዳይ ሸጠው። በ1903 በ57 ዓመቱ ዐረፈ። ከሞተ በኋላ የምልክት መላኪያ ፍጥነት መለኪያ በስሙ ቦድ ተባለ።

ቦዶ ፊደልን ወደ መኖርና አለመኖር ምልክት ለወጠ፤ የኋላ ሰዎች ደግሞ መንገዱን ገለበጡት። በኮምፒዩተር ውስጥ ፎቶግራፍም ድምፅም ስምንት ስምንት ሆነው ባይት በሚባል ቡድን የተሰለፉ የ0 እና የ1 ምልክቶች ናቸው። የቀድሞው የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ ግን የእንግሊዝኛ ጽሑፍን ብቻ እንዲያደርስ ስለ ተሠራ፣ እንዲህ ያለው ጭነት በመንገድ ይበላሽ ነበር። በ1992 በወጣው የደብዳቤ ደንብ ቤዝ 64 የሚባለው ዘዴ ገባ። ይህም ሦስት ባይት፣ ማለት 24 ምልክት ወስዶ፣ ስድስት ስድስት አድርጎ ለአራት ይከፍላል። ስድስቱ ምልክቶች 64 ዓይነት ስለሚሆኑ፣ 26 ትልልቅና 26 ትንንሽ የላቲን ፊደላት፣ 10 አኃዞችና 2 ምልክቶች ይበቁአቸዋል። ፎቶግራፉ ፊደል ለብሶ ይሄዳል፤ ተቀባዩ ጋ ሲደርስ ልብሱን ያወልቃል። ዋጋው ግን ጭነቱ በሲሶ መጨመሩ ነው።

የእኛስ ፊደል? 33ቱ ፊደላት በ7 ቤት ሲባዙ 231 ናቸውና በቦዶ 32 ምልክቶች አይያዙም። ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደል መዝገብ የገቡት በ1999 ነው። ዛሬ በተለመደው አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ፣ የእኛ አንዱ ሦስት ይይዛል፤ በቤዝ 64 ሲላክም አራት ምልክት ይሆናል። ቀድሞ ሀገረ ሕይወት ትባል የነበረችው የከተማችን ስም፣ አምቦ፣ ሦስት ፊደል ሆና ሳለ በ12 ምልክት ትጓዛለች። ስሌቱ ሲሠራ ያልተገኘ ሰው የሚከፍለው ዋጋ እንዲህ ያለ ነው።

እንግዲህ ከጉደር፣ ከጊንጪ ወይም ከጌዶ መጥተን በዚህ ትምህርት ቤት የተማርን የገበሬ ልጆች ቦዶን ልናውቀው ይገባናል። እርሱም በሬ ጠምዶ ያደገ ባይሆን እንኳ ከእርሻ ተነሥቶ ነው በአምስት ቁልፍ የዓለምን ንግግር የሰፈረው። የሚቀጥለው ስሌት በሚሠራበት ጠረጴዛ ዙሪያ ከእኛ አንዳንዶቹ ቢገኙ፣ የፊደላችን ዋጋ ሳይታሰብ አይቀርም።