እንዶድ፣ ቀንድ አውጣና ዶክተር አክሊሉ ለማ



በንባብ ሰዓታችን ላይ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ልጆቻችን አንዳንዴ መጥተው ይቀላቀሉናል። በቅርቡ የተነሣው ክርክር ስለ አንስታይን ነበር። ልጆቹ ብርሃን በፀሐይ አጠገብ ሲያልፍ መንገዱን ይስታል ሲሉ፣ አንዲት እናታችን ይህን ማን አይቶ ነው የተረጋገጠው ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ትልቅ ነው፤ ደግነቱ መልስ አለው። አንስታይን ይህን ያሰበው በርሊን ተቀምጦ ነው፤ ንድፈ ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1915 ሲያቀርብ ብርሃኑ ምን ያህል እንደሚስትም በቁጥር አስቀመጠ። በ1919 ፀሐይ ሙሉ በሙሉ በጨረቃ ስትሸፈን አንድ የእንግሊዞች ቡድን በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ወዳለችው ፕሪንሲፔ ደሴት፣ ሌላው ወደ ብራዚል ሄዶ ከዋክብቱን ፎቶግራፍ አነሣ። ለክተው ሲያዩት ቁጥሩ አንስታይን ካለው ጋር ተቀራረበ። እንግሊዝና ጀርመን ሲዋጉ ከርመው ገና ጦርነቱ ባበቃ ሰሞን ነው ይህ የሆነው። የባላጋራ አገር ሰዎች መርከብ ተሳፍረው፣ ገንዘብ አውጥተው፣ በርሊን የተጻፈውን ሊያረጋግጡ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ወሬው ወደ እኛ ዞረ። ከእኛ ሰው ማን ምን አገኘ ሲባል የዶክተር አክሊሉ ለማ ስም ተነሣ። ከልጆቹ ግማሾቹ ስማቸውን ሰምተው አያውቁም። ታሪካቸውን እንድጽፍ የተመደብኩት ያን ዕለት ነው፤ ሥራዬ ሂሳብ እንጂ ሳይንስ ስላልሆነ በሂሳብ ሰው ዓይን እንዳየሁት አቀርበዋለሁ።

ዶክተር አክሊሉ የተወለዱት በ1928 ዓ.ም. መባቻ ላይ፣ ጣሊያን አገራችንን ለመውረር ድንበር ላይ በተሰለፈበት ሰሞን፣ ጅግጅጋ ነው። ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አሜሪካ ሄደው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1964 ወደ አገር ሲመለሱ ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላቸውም ነበር። የገቡበት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲም ገና ልጅ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ስድስት ኪሎ የሚገኘውን የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲው የሰጡት በ1954 ዓ.ም. ነው። ዛሬ በደጁ የምናልፈው ያው ግቢ ነው።

ሥራቸው የቢልሃርዝያ በሽታን ማጥናት ነበር። በሽታው ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1851 ካይሮ ውስጥ ትሉን ካገኘው ከጀርመናዊው ሐኪም ከቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው። ትሉ የሚኖረው በሰው የደም ሥር ውስጥ ነው። እንቁላሉ በዓይነ ምድር ወይም በሽንት ይወጣል፤ ውኃ ውስጥ ሲገባ ይፈለፈልና ቀንድ አውጣ ፈልጎ ሰውነቱ ውስጥ ይገባል። እዚያ ተራብቶ እንደገና ወደ ውኃው ይወጣል፤ ከዚያም ውኃው ውስጥ የቆመውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። መጠጣት አያስፈልግም፣ እግርን መንከር ይበቃል። እንግዲህ ማንን እንደሚይዝ አስቡት፤ ውኃ የምትቀዳዋን፣ ወንዝ ወርዳ ልብስ የምታጥበዋን፣ አብሯት ወርዶ የሚንቦጫረቀውን ልጅ። ጉበት ይጎዳል፣ ልጆችን ያቀጭጫል፣ ከትምህርት ያስቀራል።

ቀንድ አውጣው ከሌለ ትሉ መንገዱ ላይ ይቀራል። ይህ ቀድሞም ይታወቅ ነበር፤ ቀንድ አውጣ የሚገድል ኬሚካልም ነበር። ነገር ግን ከውጭ በውድ ዋጋ የሚገዛ በመሆኑ ወንዙ ብዙ፣ ገንዘቡ ጥቂት ለሆነ አገር የሚያዛልቅ አልነበረም።

ዶክተር አክሊሉ አድዋ ሄደው በከተማው ወንዞች ዳር ቀንድ አውጣ ሲያጠኑ አንድ ነገር አዩ። ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞተው ቀንድ አውጣ ከሌላው ቦታ ይበልጥ በዛባቸው። ሴቶቹ የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር። የእንዶድን ነገር ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፣ ውኃ ሲነካው አረፋ ይደፍቃል፣ ነጠላና ጋቢ በእሱ ሲታጠብ ንጣቱ ሌላ ነው። እሳቸው ግን በዚያ አረፋ ጉዞ ላይ ዓይናቸውን ጣሉ። በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን ሰብስበው በዕቃ ያዙና ከምታጥበው ሴት ትንሽ የእንዶድ አረፋ እንድትጨምርበት ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ።

እኔ እዚህ ቦታ ላይ ስደርስ ቆም እላለሁ። ሴቶቹ የእንዶድን ነገር ያውቁ ነበር፤ የትኛው ፍሬ እንደሚያረፋ፣ በምን ያህል ውኃ እንደሚበጠበጥ ከእናታቸው ተቀብለዋል። ቀንድ አውጣው መሞቱ ግን ሥራቸው ስላልሆነ ሊቆጥሩት አይችሉም። ዶክተር አክሊሉ ደግሞ ስለ ቀንድ አውጣ ያውቃሉ፤ እንዶዱን ያገኙት ከሴቶቹ ነው። ከሁለት አንዱ ባይኖር ግኝት የሚባል ነገር አይኖርም ነበር። በኋላ በአሜሪካ በተደረገ ምርምር ከእንዶድ ፍሬ ተነጥሎ የወጣው ቀንድ አውጣ ገዳይ ንጥረ ነገር በእሳቸው ስም ለማቶክሲን ተባለ። ይገባቸዋል። በሽታው የቢልሃርዝን ስም ይዟል፣ መርዙ የለማን ስም ይዟል፤ አድዋ ላይ አረፋውን የጨመረችው ሴት ስም ግን በምንም መዝገብ ላይ የለም።

ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው ሥራውን በቤተ ሙከራ ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. በ1966 በዩኒቨርሲቲው ሥር የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ። ከ1969 እስከ 1974 ድረስ አምስት ዓመት ሙሉ አድዋ ላይ ትልቅ ሙከራ ተደረገ፤ እንዶድ በወንዞቹ ላይ ይረጫል፣ ሕዝቡም ይመረመራል። ውጤቱ በቁጥር ይህን ይመስላል። ሲጀመር ከሕዝቡ 63 በመቶው በሽታው ነበረበት፤ ሲያበቃ 34 በመቶ ሆነ። ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ባሉት ሕፃናት ላይ ደግሞ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። እኔን የሚገርመኝ ሁለተኛው ቁጥር ነው። ትልልቆቹ ቀድሞ የያዛቸውን ትል ይዘው ስለሚቆዩ ቁጥሩ ቶሎ አይወርድም። ሕፃናቱ ግን አብዛኞቹ የተወለዱት ሙከራው ከተጀመረ ወዲህ ነው፤ እነሱ ንጹሕ ከሆኑ አዲስ በሽታ መያዙ ቆሟል ማለት ነው።

በኋላም የግብርና ሳይንስ ባለሙያው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከየአገሩ 65 ዓይነት እንዶድ ሰብስበው እያመረቱ አወዳደሩ። እንዶድ ሁሉ እኩል እንዳልሆነ የታወቀው በዚህ ነው። ከሁሉ ብርቱ ሆነው ከተገኙት አንዱ 44 ቁጥር የተሰጠው ነው። ለብዙ ዓመታት የፈጀ የገበሬ ሥራ ነውና ይህ ድካም ሲዘነጋ ደስ አይለኝም።

እንግዲህ ቁጥሩ እጅ ላይ እያለ እንዶድ ለምን በየወንዙ አልተረጨም? ክርክሩ የተነሣው እዚህ ላይ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በኢትዮጵያ የተደረገውን ጥናት ብቻ በቂ አድርጎ አልተቀበለውም። እንዶድ በሰውና በእንስሳት ላይ ጉዳት እንደማያደርስ ዓለም አቀፍ ደረጃ ባላቸው ቤተ ሙከራዎች ይረጋገጥ አለ። ለዚያ የሚያስፈልገው ገንዘብ ደግሞ ከአንድ ድሃ አገር ኢንስቲትዩት አቅም በላይ ነበር። ዶክተር አክሊሉ በዚህ ክፉኛ አዝነው ኖረዋል። ዋናው እንቅፋት የእንዶዱ መርዝነት ሳይሆን አፍሪካዊ ተመራማሪ በአፍሪካ ቤተ ሙከራ ያገኘውን ነገር ለማመን አለመፈለግ ነው ብለው በየመድረኩ ተከራክረዋል።

የሂሳብ ሰው ስለሆንኩ እዚህ ላይ ሁለቱንም ወገን ማየት ግድ ይለኛል። ገንዘብ ያዥ ካዝናዋን ራሷ ቆጥራ ልክ ነው ብትል አይበቃም። ሐቀኛ ብትሆንም ሌላ ሰው መጥቶ ይቆጥራል፤ ማኅበራችንም በየዓመቱ ኦዲተር የሚጠራው ሌባ አለብን ብሎ አይደለም። ወንዝ ላይ የሚረጭ ነገር በሌላ እጅ ይመርመር መባሉ ትክክል ነው። እንዶድ ዓይን ያቃጥላል፣ ሲጠጣ ሰው ይጎዳል፣ ዓሣም ይገድላል፤ ይህን ሁሉ መመርመር ግድ ነው። ነገር ግን ኦዲተሩ መጥቶ መዝገቡን ይገልጣል እንጂ ከየትኛው ሱቅ እንደመጣ አይቶ ብቻ አይመልሰውም። ለአንስታይን ፕሪንሲፔ ድረስ የሄዱለት ሰዎች ነበሩ። ለአድዋው ሥራ ግን ቶሎ ብሎ ዕቃውን የጫነ አልተገኘም። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የካናዳ ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ገንዘብ ሰጥቶ ኦታዋ ውስጥ የጉዳት ምርመራው እስኪካሄድ ድረስ ከአድዋ ሙከራ በኋላ አሥር ዓመት ያህል አልፎ ነበር። በዚያ መካከል ፕራዚኳንቴል የሚባለው የሚዋጥ መድኃኒት መጣ። ሕመምተኛውን ያድናልና የብዙው ሰው ትኩረት ወደዚያ ሄደ፤ ዛሬም በየትምህርት ቤቱ ለልጆቻችን የሚሰጠው እሱ ነው። መድኃኒቱ ጥሩ ነው፤ ሆኖም የዳነው ልጅ ወደዚያው ወንዝ ከተመለሰ እንደገና ይይዘዋል።

ዶክተር አክሊሉ በኋለኛው ዘመናቸው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሠርተዋል፤ ጣሊያን ፍሎረንስ በሚገኘው የዩኒሴፍ የሕፃናት ማዕከልም ምክትል ዳይሬክተር ነበሩ። እንዶድን ግን አልተዉትም። እ.ኤ.አ. በ1989 እሳቸውና ዶክተር ለገሠ ስቶክሆልም ላይ የሚሰጠውን፣ ብዙዎች አማራጭ ኖቤል የሚሉትን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ።

ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ለየት ይላል። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ውስጥ ባለመስመር የሆነች ትንሽ ዛጎል ለበስ ፍጥረት ተራብታ የውኃ ቧንቧ እየደፈነች ብዙ ኪሳራ ታደርስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 በኦሃዮ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ፣ በእሳቸውም ተሳትፎ፣ እንዶድ ተሞከረባትና ገደላት። የፈጠራ መብቱ የተመዘገበው በአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ስም ነው። በአንድ ወንዝ ዳር ሳሙና የነበረው የኛ እንዶድ በሌላ አገር ንብረት ሆኖ ተመዘገበ፤ ከዚህ ጥቅም የኢትዮጵያ ድርሻ ምንድን ነው የሚለውም ክርክር ተነሣ። በድሮው ጊዜ ሃያ ዓመት አልቀበል ያለ ዓለም ጥቅም ሲያይ ግን ለመመዝገብ አልዘገየም።

ዶክተር አክሊሉ ለማ መጋቢት 27 ቀን 1989 ዓ.ም. አረፉ። የመሠረቱት ኢንስቲትዩት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው ተሰይሟል።

እንዶድ አሁንም ገበያ ላይ ይገኛል። ከአባሎቻችን መካከልም የአገር ልብስ እያጠቡ የሚተዳደሩ አሉ፤ ስትወቅጡ ብናኙ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቁ፣ የተበጠበጠውንም ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ አስቀምጡ። ለሚቀጥለው እትም ደግሞ እናቶችን አንድ ነገር ልለምን። የትውልድ አገራችሁ እንዶድ በምን ይለያል? ፍሬው የሚለቀመው አረንጓዴ ሳለ ነው ወይስ ሲቀላ? ስንት ቀን ይሰጣል? ቢሮ ጎራ ብላችሁ ንገሩኝና እጽፈዋለሁ፤ የነገረችኝ እናት ስምና አገርም አብሮ ይጻፋል።