ፕላውደንና የመኳንንቱ ሰንጠረዥ

ከመካነ ኢየሱስ በስተሰሜን የምትገኘው ደብረ ታቦር በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ የራስ ዓሊ አሉላ መናገሻ ነበረች። የመሳፍንቱ ዘመን ሊያከትም በተቃረበበት በዚያ ወቅት ወደ ራስ ግቢ ይመላለሱ ከነበሩት የውጭ አገር ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ዋልተር ፕላውደን ነበር። ስሙ በታሪካችን የሚነሣው በቆንስልነቱና በዐፄ ቴዎድሮስ ወዳጅነቱ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ያልተነገረለት አንድ ሌላ ውለታ አለው፤ ይኸውም ያገራችን የሰንጠረዥ ጨዋታ ሥርዓት ተጽፎ እንዲቆይ ማድረጉ ነው።

ፕላውደን እ.ኤ.አ. በ1820 ተወለደ። ገና በ19 ዓመቱ ወደ ሕንድ ሄዶ በካልካታ ከተማ በአንድ የንግድ ቤት ተቀጠረ፤ ነገር ግን ሥራው ስላልተስማማው ትቶት ወጣ። በ1843 በስዊዝ ከጆን ቤል ጋር ተገናኘና የነጭ ዓባይን ምንጭ ፍለጋ አብረው ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ምንጩን አላገኙም፤ አገሩ ግን ሁለቱንም አስቀራቸው። ፕላውደን በ1848 የብሪታንያ ቆንስል ሆኖ ተሾመ፤ በተከታዩም ዓመት ከራስ ዓሊ ጋር የንግድና የወዳጅነት ውል ተፈራረመ።

በመኳንንቱ ዘንድ ሲኖር ያስተዋለው ጨዋታ ከአውሮፓው ሰንጠረዥ እጅግ የተለየ ነበር። አውሮፓውያን ከመጀመሪያው አንሥቶ ተራ እየጠበቁ ሲጫወቱ፣ በኢትዮጵያ ግን አጀማመሩ ወረራ ይባል ነበር። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ወገኖች ተራ ሳይጠብቁ እንዳሻቸው ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። አንዱ የሌላውን ጠጠር ከበላ በኋላ ግን በተራ መጫወት ግዴታ ይሆናል። በአጨራረሱም ቢሆን ማሸነፍ ብቻውን አያስመሰግንም ነበር። ንጉሡን በፈረስ ወይም በማዕዘኑ ጠጠር መያዝ እንደ ዝቅተኛ ድል ሲቆጠር፣ መደቅ በሚባለው እግረኛና ይህን በመሳሰሉት ደካሞች መያዝ ግን የብልኅ ሥራ ነበር።

ጨዋታው ጸጥታ የሰፈነበትም አልነበረም። ከፕላውደን 40 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በ1805፣ ሄንሪ ሶልት በእንደርታ አንጣሎ የትግሬው ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ ተመልክቷል። በዙሪያው የቆመው ሁሉ፣ አገልጋይ ሳይቀር፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይመክር፣ ጠጠሩንም በእጁ እያነሣ የተሻለውን መንገድ ያሳይ ነበር። ይህ ሁሉ ጫጫታ ባለበት ግን ድሉ ዘወትር የራስ እንዲሆን በዘዴ ይደረግ እንደነበር ሶልት ልብ ብሏል።

በእውነተኛው የጦር ሜዳ ግን ለጌታ ተብሎ የሚለቀቅ ድል የለም። ራስ ዓሊ በ1853 በአይሻል ጦርነት በደጃዝማች ካሣ ተሸነፉ፤ የፕላውደንም ውል ከእሳቸው ጋር ወደቀ። ካሣ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ከነገሡ በኋላ ቆንስሉ የንጉሡ ወዳጅ ሆነ። በ1860 ወደ ምፅዋ ሲጓዝ በጎንደር አቅራቢያ ሽፍቶች አቁስለው ማረኩት፤ ገንዘብ ተከፍሎለት ቢለቀቅም ብዙም ሳይቆይ በቁስሉ ሞተ። ዐፄ ቴዎድሮስ ደሙን ለመበቀል ዘመቱ፤ በዚያው ዘመቻ ጆን ቤል ንጉሡን ሲከላከል ወደቀ።

የፕላውደንን ጽሑፎች ወንድሙ ሰብስቦ ያሳተማቸው በ1868፣ ማለትም መቅደላ በተያዘችበት ዓመት ነው። ሰንጠረዡ ከጣሊያን ወረራ በኋላ ከየመኳንንቱ አዳራሽ እየጠፋ ሄደ። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 የጨዋታውን ታሪክና ሥርዓት ባጠና ጊዜ ከሚጠቀሱት ምስክሮች አንዱ ያ ቆንስል ነበር። መንግሥት የላከው ለንግድ ውል ነበር፤ ውሉ በአራት ዓመት ውስጥ ፍሬ አልባ ሆነ። ማንም ሳያዝዘው የመዘገበው ጨዋታ ግን ከራስ ዓሊም፣ ከራሱም ዕድሜ ተርፎ ለልጅ ልጅ ደረሰ።