ኢማም አል-ገዛሊ ከማስተማር ወንበራቸው የተለዩባቸው 11 ዓመታት



ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ! በመተማና በዙሪያዋ ባለው ቆላ የምትኖሩ ነጋዴዎች ሥራ መቆም ምን እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። ክረምት ሲገባ ጥቁሩ አፈር መኪናውን ይይዛል፤ ሰሊጡም እስከ ጥቅምት ድረስ ከማሳ አይነሣም። በጋላባት በኩል ያለው በር የተዘጋ እንደ ሆነም ሱቁ ተከፍቶ ይዋላል እንጂ ገዢ አይመጣም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜም ብዙ ሰዎች ሀብታቸውን ጥለው በዚሁ በር ሲገቡ አይታችኋል። ሥራው የቆመበት ሰው ወይ ቀኑን በወሬ ያሳልፈዋል፤ ወይም ተቀምጦ ራሱን ይመረምራል። ማንም ሳያስገድዳቸው ሥራቸውን በገዛ ፈቃዳቸው ያቆሙ፣ ራሳቸውንም የመረመሩ አንድ ታላቅ ዓሊም ነበሩና ታሪካቸውን ስሙ።

አቡ ሓሚድ ሙሐመድ አል-ገዛሊ (አላህ ይዘንላቸውና) በ450 ዓመተ ሂጅራ፣ በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ1058፣ በኹራሳን አገር በጡስ ተወለዱ። አባታቸው ሱፍ እየፈተሉ የሚሸጡ ድኻ ሰው ነበሩ ይባላል። በሞቱም ጊዜ ሁለቱን ልጆቻቸውን፣ ሙሐመድንና አሕመድን፣ ለአንድ ወዳጃቸው ዐደራ ሰጡ። የተተወላቸው ጥቂት ገንዘብ ባለቀ ጊዜ ልጆቹ ለደረሳ ምግብ ወደሚሰጥበት መድረሳ ገቡ። አቡ ሓሚድ በወጣትነታቸው ከጁርጃን ተምረው ሲመለሱ መንገድ ላይ ሽፍቶች ዘረፏቸው። የሽፍቶቹን አለቃ ተከትለው ሌላው ይቅርና የትምህርት ጽሑፋቸውን ብቻ እንዲመልስላቸው ለመኑት። ሽፍታውም ወረቀቱ ሲወሰድበት ባዶ የሚቀር ሰው እንዴት ዓሊም ነኝ ይላል ብሎ ሳቀባቸው፤ ጽሑፉን ግን መለሰላቸው። እርሳቸውም ጡስ ገብተው በዚያ ወረቀት ላይ የነበረውን ሁሉ በልባቸው እስኪይዙት ድረስ 3 ዓመት ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ በኒሳቡር ከኢማሙል ሐረመይን አል-ጁወይኒ ዘንድ ተማሩ። በ484 ዓመተ ሂጅራ (1091) ታላቁ ወዚር ኒዛሙል ሙልክ በባግዳድ በሠራው በኒዛሚያ መድረሳ አስተማሪ አድርጎ ሾማቸው። ያን ጊዜ ገና 34 ዓመታቸው ነበር። በፊታቸው 300 ያህል ደረሳዎች ይቀመጡ ነበር፤ በክርክር የሚረታቸው አልተገኘም፤ ስማቸውም ከመኳንንቱ ስም ጋር ይጠራ ጀመር።

ወንድሞቼ ሆይ፣ ገበያው በደራበት ሰዓት መዝገቡን ገልጦ ኪሳራ የሚፈልግ ነጋዴ አይታችኋልን? ኢማሙ ያደረጉት ይህን ነው። ሥራቸውን አንድ በአንድ ተመለከቱ፤ ከሁሉም የሚሻለው ማስተማር ሆኖ አገኙት። የሚያስተምሩበትን ሐሳብ በመረመሩ ጊዜ ግን ለአላህ ብቻ የጠራ ሳይሆን ክብርና ዝና የሚገፋው መሆኑን አዩ። ከረጀብ 488 ጀምሮ ለ6 ወር ያህል ሲጨነቁ ቆዩ፤ ጠዋት ከባግዳድ ለመውጣት ይቆርጡና ማታ ሐሳባቸው ይፈርስ ነበር። በመጨረሻም ምላሳቸው ተያዘ። ደረሳዎቹን ለማስደሰት ብለው ሊያስተምሩ ቢቀመጡ አንዲት ቃል መናገር ተሳናቸው። ኀዘኑ ወደ ሰውነታቸው ወርዶ ምግብ የማይፈጭላቸው ሆኑ፤ ሐኪሞቹም በሽታው ከልብ የመነጨ ስለ ሆነ ጭንቀቱ ካልቀለለ መድኃኒት የለውም ብለው ተስፋ ቆረጡ። ኒዛሙል ሙልክ በ485 ተገድሎ ነበርና ኢማሙ የሸሹት የመንግሥቱን ሽኩቻ ፈርተው ነው የሚሉ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። ፍርሃቱ ጨርሶ አልነበረም ለማለት አልደፍርም፤ ነገር ግን የፈራ ሰው ጉድለቱን እንዲህ ገልጦ ለትውልድ አይጽፍም ባይ ነኝ።

በዙል ቃዕዳ 488 (1095) ከባግዳድ ወጡ። ሰዎች እንዳይከለክሏቸው ወደ መካ እሄዳለሁ አሉ እንጂ ሐሳባቸው ወደ ሻም ነበር። እዚህ ላይ የቤተ ሰብ አባቶች ልብ በሉ፤ ሀብታቸውን ሲያከፋፍሉ ለልጆቻቸው የሚበቃውን ቀለብ አስቀርተዋል።

በደማስቆ ተቀመጡ፤ ወደ ታላቁ መስጊድ ሚናራ ወጥተው በሩን ዘግተው ይውሉ ነበር። ወደ በይተል መቅዲስም ሄዱ። በነቢዩ ኢብራሂም መቃብር ዘንድ በ489 የሱልጣን ገንዘብ ላይቀበሉ፣ ወደ ሱልጣን ደጅ ላይሄዱ፣ በአደባባይም ላይከራከሩ ተሳሉ። ከዚያም ሐጅ አደረጉ። ይህ ሁሉ ጊዜ ሰላም ብቻ የሰፈነበት አይምሰላችሁ። የልጆችና የኑሮ ሐሳብ ኸልዋቸውን ያውክባቸው እንደ ነበረ፣ የልብ ጥራትም አልፎ አልፎ እንጂ ዘወትር እንዳላገኙ ራሳቸው ጽፈዋል። በኋላም የልጆቻቸው ጥሪ ወደ አገራቸው መለሳቸው፤ በዚያም ብቸኝነታቸውን እንደቻሉት ጠበቁ።

በእነዚህ ዓመታት ያገኙት ችሎታ ከሰማይ የወረደ አዲስ ነገር አልነበረም። በባግዳድ የተከራካሪን ንግግር በርብረው የተሰወረውን ስሕተት የሚያወጡበት ያው ብርቱ አእምሮ አሁን በገዛ ልባቸው ላይ ተመለሰ፤ የሰውን ተንኰል ይፈልግ የነበረው ዓይን የነፍስን ተንኰል ማየት ጀመረ። ከዚህም ኢሕያእ ዑሉሚድ-ዲን የተባለው በ40 ክፍሎች የተደራጀ ታላቅ መጽሐፍ ተገኘ።

ከ40ዎቹ አንዱ ስለ ንግድና ስለ ገቢ ነው። ሻጭ በዕቃው ላይ የሌለውን ሙገሳ እንዳይጨምር፣ ነውሩን እንዳይሸሽግ፣ ሚዛኑን እንዳያጐድል፣ የዕለቱንም የገበያ ዋጋ ከማያውቅ ሰው እንዳይደብቅ ያስተምራል። እህል አከማችቶ ውድነትን የሚጠብቀውንም ይነቅፋል። ሐሰተኛ ገንዘብ ያወጣ ሰው ገንዘቡ ከእጅ ወደ እጅ እስከ ዞረ ድረስ ከሞተ በኋላ እንኳ ኃጢአቱ እንደሚከተለው ይናገራል። (ይህን ወደ አማርኛ ስመልስ ከላይ ንጹሕ፣ ከሥር ዐፈር የተቀላቀለበት የሰሊጥ ጆንያ ትዝ አለኝ።) መስጊድ ውስጥ ሲጸልዩ የኖሩ ሰው የገበያን ምስጢር ይህን ያህል ማወቃቸው ያስደንቃል፤ ነገር ግን የሱፍ ፈታይ ልጅ መሆናቸውን አትርሱ።

በዙል ቃዕዳ 499 (1106) የኒዛሙል ሙልክ ልጅ ወዚሩ ፈኽሩል ሙልክ ግድ ስላላቸው በኒሳቡር ባለው ኒዛሚያ እንደ ገና ለማስተማር ተቀመጡ። ከባግዳድ በወጡ በ11ኛው ዓመት፣ በዚያው ወር መሆኑ ነው። ፊት ያስተማሩት ክብር የሚገኝበትን ዕውቀት እንደ ነበረ፣ አሁን ግን ክብር የሚጣልበትን እንደሚያስተምሩ ጽፈዋል። ከጥቂት ጊዜም በኋላ ወደ ጡስ ተመልሰው በቤታቸው አጠገብ ለደረሳዎች መድረሳ፣ ለሱፊዎችም ማደሪያ አቋቋሙ።

ሰኞ ዕለት በጁማደል ኣኺር 14 ቀን 505 (1111) ጎሕ ሲቀድ ውዱእ አድርገው ሰገዱ። ወንድማቸው አሕመድ እንዳወሱት፣ ከፈናቸውን አስመጥተው ሳሙት፤ በዓይናቸውም ላይ አደረጉት። ከዚያም እግራቸውን ዘርግተው ወደ ቂብላ ዞሩ፤ ፀሐይም ሳትወጣ ዐረፉ።